እመት ባንቺዓለም ምርቃት ሲማሩ

ቢቸና ውስጥ የእመት ባንቺዓለምን አፍ የማይፈራ ሰው አልነበረም። ጭቃ ሹሙ እንኳ በደጃቸው ሲያልፍ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እግሩን አለስልሶ ነበር የሚያልፈው። ሴትዮዋ ክፉ ሆነው አይደለም። የተራበ ያበላሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ። ሲረግሙ ግን ለየት ይላሉ። ሌላው ሰው ሲናደድ «እሳት ይብላህ» ብሎ ያልፋል። እሳቸው እርግማናቸውን እንደ ፈትል አቅጥነው፣ ለተረጋሚው በልኩ ሰፍተው ነው የሚያወጡት። አንዱን የጠላ ወዳጅ፣ «በሄድክበት ሁሉ እንስራው የተገለበጠ፣ ባለቤቷም አሁን አለቀ የምትልህ ይሁን» አሉት። ሰውየው ወሩን ሙሉ ጠላ ቤት በር ላይ በደረሰ ቁጥር ልቡ እየመታ «አለ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይገባም ነበር።

ስማቸው የገነነው ባላቸው በሞቱ ዓመት ነው። የባላቸው ወንድሞች ርስቱን ሊነጥቋቸው በሬ ጠምደው መጡ። እመት ባንቺዓለም የሚሟገትላቸው ሰው የለ፣ ከማሳው ዳር ቆመው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ረገሙ። በሳምንቱ ከተጠመዱት በሬዎች አንዱ ድፍት ብሎ ሞተ። በዚያው ዓመት የከብት በሽታ ገብቶ ያገሩን ከብት ግማሽ ጨርሶታል፤ ይህን ግን ማን ልብ አለ? ርስታቸው ተከበረ። ከዚያ ወዲህ አፋቸው አጥራቸው ሆኖ ኖረ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ አምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ከተጋመሰ በኋላ፣ የሞጣው ነጋዴ አብዱሰመድ ወደ ቤታቸው መጣ። አብዱሰመድ ከሞጣ አቡጀዲና ጨው እያመጣ፣ ከቢቸና ገበያ ከዓባይ ቆላ የሚወጣውን ጥጥ ጭኖ የሚመለስ፣ ረጅም ለስላሳ ሰው ነው። እመት ባንቺዓለም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ።

«እመት፣ ከሞጣ መልእክት ይዤልዎ መጥቻለሁ» አለ።

«ከማን?»

«ከእህትዎ። ከእትዬ ይርጋነሽ።»

እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ።

«የልጄን ልጅ ንግስትን በጥር ማገባደጃ እሑድ ልድራት ነው። እናቷም አባቷም የሉም። ከወገኗ የቀረሽላት ታላቅ አንቺ ብቻ ነሽ። መጥተሽ መርቂያት ብለዋል።»

«መርቂያት አለች?»

«አዎ።»

«በደንብ ሰምተሃል? ሌላ ነገር ብላ እንዳይሆን።»

«ሦስት ጊዜ አስደግመውኛል፣ እመት። ከሦስት ቀን በኋላ ጥጤን ጭኜ እመለሳለሁ። የሚሄዱ ከሆነ ጭምት በቅሎ አለችኝ።»

አብዱሰመድ ሲሄድ እመት ባንቺዓለም እንዝርቱን አላነሱትም። ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት እናታቸው ታመው ተኝተው ሳለ፣ ታናሽ እህታቸው ይርጋነሽ አንድ የሞጣ ሰው ወዳ፣ ሽማግሌም ሠርግም ሳትጠብቅ ተከትላው ሄደች። ባንቺዓለም በሽተኛ ይዘው ብቻቸውን ቀሩ። እህታቸው በቅሎ ላይ ስትወጣ ከኋላዋ ቆመው፣ «እኔን በባዶ ቤት ጥለሽ እንደሄድሽ፣ ያንቺም እቅፍ ባዶ ይሁን!» አሏት። በሕይወታቸው የመጀመሪያው እርግማን ያ ነበር። ከዓመታት በኋላ በነጋዴ አፍ ወሬ ደረሳቸው። ይርጋነሽ የወለደችው አንዲት ልጅ ብቻ ነው፤ እሷም ትንሿን ንግስትን ትታ ሞተች። ያን ዕለት እመት ባንቺዓለም እህል አልቀመሱም። የሆዳቸውን ለንስሐ አባታቸው እንኳ አልነገሩም።

አሁን ደግሞ በዚያው አፍ መርቂ ተባሉ።

በማግስቱ ማለዳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥግ ወይራው ሥር መጻሕፍት ወደሚያስተምሩት ወደ የኔታ ገብረ ክርስቶስ ሄዱ። የኔታ አምሳውን ያለፉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚነቀነቅ ሊቅ ናቸው።

«የኔታ፣ ምርቃት ያስተምሩኝ» አሉ እመት ባንቺዓለም፣ ገና ሳይቀመጡ።

የኔታ ሊስቁ ጀምረው የሴትዮዋን ፊት ሲያዩ ተዉት። ድንጋይ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጧቸው። «መጀመሪያ እኔ ልጠይቅዎ። እግዚአብሔር ከፍጥረቱ ሁሉ አስቀድሞ የባረከው ማንን ነው?»

«አብርሃምን ነዋ!»

«አይደለም።»

«እንግዲያ አዳምን።»

«እሱንም አይደለም። ዓሣን ነው።»

«ምንን?»

«ዓሣን! በአምስተኛው ቀን የባሕሩን ዓሣና የሰማዩን ወፍ ፈጠረና ተባዙ፣ ባሕሩን ሙሉት፣ ምድሩን ሙሉት ብሎ ባረካቸው። አዳም ገና ጭቃ ነው። እስቲ ዓሣው ምን ሠርቶ ነው? አልጾመ፣ አልሰገደ፣ አሜን እንኳ አላለ!»

እመት ባንቺዓለም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። አብዱሰመድ ከመጣ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር።

«በረከት የሥራ ዋጋ አይደለም» አሉ የኔታ። «ቀድሞ የሚሰጥ ነው። አብርሃምንም ቢሆን እባርክሃለሁ ብሎ ብቻ አልተወውም፤ ለሌላውም በረከት ሁን ነው ያለው። ያዕቆብ ደግሞ አለ፤ ካልባረክኸኝ አልለቅህም ብሎ ጭኑ እስኪናጋ ሲታገል ያደረ። አሮን ሕዝቡን የሚባርክበትን ቃል ከነአባባሉ ተነግሮታል። ጌታችንም ሲያርግ፣ ደቀ መዛሙርቱ መጨረሻ ያዩት ምንድን ነው? የተዘረጉ እጆች። እየባረካቸው ነው ከዓይናቸው የራቀ። መጽሐፉ በዓሣ ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ስለዚሁ ነው የሚያወራው።»

«ስለ ተራጋሚስ የሚለው ነገር የለም?»

የኔታ ጺማቸውን ያዙ። «አለ። ሐዋርያው ያዕቆብ ጽፏል። ባንድ አፍ እየባረኩ መራገም አይገባም፤ አንድ ምንጭ ጣፋጭና መራራ ውሃ ባንድነት አያፈልቅም ይላል።»

ከወይራው ማዶ ተማሪዎቹ ትምህርታቸውን ያነበንባሉ። እመት ባንቺዓለም መሬት መሬት እያዩ፣ የበቅሎዋን ነገር፣ የባዶ እቅፉን ነገር፣ የሞተችውን ልጅ ነገር ሁሉንም አወጡት። ሲጨርሱ እንባቸው በአገጫቸው ይወርድ ነበር።

የኔታ ድምፃቸውን ጠበቅ አድርገው ተናገሩ። «በለዓም የሚባል ሰው ነበር። እንደ እርስዎ በአፉ የታወቀ። አንድ ንጉሥ፣ ይህን ሕዝብ ርገምልኝ ብሎ ጠራው። ተራራ ላይ አወጣው። አፉን ቢከፍት ቢከፍት የሚወጣው ምርቃት ሆነ። ቦታ ለወጡለት፣ አሁንም ምርቃት። ሦስተኛም እንዲሁ። ንጉሡ በንዴት እጁን አጨበጨበ። በለዓምም እግዚአብሔር ያልረገመውን እኔ እንዴት አድርጌ እረግማለሁ አለው። እመት ባንቺዓለም፣ የልጅ መሰጠትና መሞት በእርስዎ ምላስ ላይ አልተንጠለጠለም። ስለ ተናገሩት ንስሐ ይግቡ። ነገር ግን ራስዎን ከፈጣሪ ጎን አያስቀምጡ።»

«እየተቆጡኝ ነው ወይስ እያጽናኑኝ?»

«ሁለቱንም» አሉ የኔታ፣ ትከሻቸውም መነቅነቅ ጀመረ።

ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ የአሮንን ምርቃት አስጠኗቸው። እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ይጠብቅሽም፤ ፊቱን ያብራልሽ፤ ሰላምንም ይስጥሽ። አጭር ነው፤ የእመት ባንቺዓለም ምላስ ግን በዚያ መንገድ ሄዶ ስለማያውቅ እየተደናቀፈ አስቸገረ። «ሰው ላይ ይለማመዱት» አሏቸው የኔታ ሲሰነባበቱ።

መጀመሪያ ያገኙት ሰው ጎረቤታቸው ጓዴ ነበር። የጓዴ ጥጃ ሽንብራቸው ውስጥ ገብታ አታውቅም ማለት አይቻልም። ገና ከሩቅ ሲያያቸው ከቅንጭቡ አጥር ኋላ ተለጠፈ።

«ጓዴ! ውጣ ከዚያ!»

«እመት፣ ጥጃዋን አስሬያታለሁ! እመብርሃንን!»

እመት ባንቺዓለም ቀኝ እጃቸውን አንስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ይጠብቅህም...»

ጓዴ ፊቱ አመድ መሰለ። «እመት፣ በሞቴ! እስከ ዛሬ የረገሙኝ ይበቃኛል! ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ዓይነት ነው?»

«ምርቃት ነው፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ሽንብራውን እተካለሁ! እጥፍ አድርጌ እተካለሁ!»

«ፊቱን ያብራልህ! ሰላም ይስጥህ!» አሉ እመት ባንቺዓለም እየጮኹ፣ ጓዴ አጥሩን ዘሎ ሲሮጥ ከኋላው። እሱ ግን በቀጥታ ጠበል ሄዶ ተጠመቀ። ማታውኑ አገሩ ሁሉ እመት ባንቺዓለም አዲስ ዓይነት እርግማን ከየኔታ ተማሩ ብሎ አወራ።

በሦስተኛው ቀን ከአብዱሰመድ ጋር ወጡ። እሳቸው በጭምቷ በቅሎ፣ ጥጡ በሌሎች ሦስት ተጭኖ። የጥር ፀሐይ ለመንገድ ትመቻለች፤ ገበሬው ጤፉን አውድማ ላይ ያበራያል፣ ነፋሱ ገለባውን እስከ መንገዱ ያመጣዋል። እመት ባንቺዓለም ምርቃታቸውን ሲያነበንቡ ደብረ ወርቅ ደረሱ፤ እዚያ አድረው፣ በማግስቱ አንድ ጅረት ላይ የፊተኛዋ ጭነት በቅሎ አልሻገርም ብላ ቆመች። አብዱሰመድ ቢስብ፣ ቢገፋ፣ ቢለምን ወይ ፍንክች።

የእመት ባንቺዓለም አፍ ተከፈተ። አብዱሰመድ አየ።

«እመት፣ በአላህ! የጥጤ ሲሶ እሷ ላይ ነው!»

እመት ባንቺዓለም አፋቸውን ገጠሙ፣ ምራቃቸውን ዋጡ፣ እጃቸውንም ወደ በቅሎዋ ዘርግተው የአሮንን ምርቃት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ሳይሳሳቱ ወረዱት። በቅሎዋ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ አዳመጠች። አልተንቀሳቀሰችም። ደስ ያላት ጊዜ፣ ሰውም ሳይነካት፣ በራሷ ተሻገረች።

«አልሠራም» አሉ እመት ባንቺዓለም ቅር ብሏቸው።

«ተሻገረች እኮ» አለ አብዱሰመድ።

ጥቂት እንደሄዱ፣ «እናንተስ ስትመርቁ ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁት።

«አላህ ይባርክልህ እንላለን። እናቴ ዓሊማ ነፍሷን ይማርና፣ መንገድ ስወጣ ሁልጊዜ ትመርቀኝ ነበር።» አብዱሰመድ ፈገግ አለ። «ቃሉን ካሉኝ አንዱም ትዝ አይለኝም። ግንባሬ ላይ ትጭነው የነበረው የእጇ ሙቀት ነው ትዝ የሚለኝ።»

እመት ባንቺዓለም በቅሎዋ ላይ ሆነው መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

ሞጣ የገቡት በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። የይርጋነሽ ደጅ ላይ ዳስ ተጥሏል፤ ሴቶች ቄጠማ ይጎዘጉዛሉ፣ ወንዶች እንጨት ይፈልጣሉ። አንዲት ወፍራም፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ከዳሱ ወጥታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። እመት ባንቺዓለም የሚያስታውሷት ቀጭን፣ ሽሩባዋ እስከ ትከሻዋ የሚወርድ ልጅ ነበረች።

«እታለም» አሉ ወይዘሮ ይርጋነሽ።

እመት ባንቺዓለም ከበቅሎ ወርደው ቆሙ፤ መሳሳምም አልቻሉም። በመንገድ ሁሉ ሲያዘጋጁት የነበረው ሰላምታ ጠፍቶ፣ «ያልኩሽ ነገር ደረሰብሽ?» የሚል ብቻ ከአፋቸው ወጣ።

ይርጋነሽ ምኑን ብለው አልጠየቁም። «ሰምቼው ነበር» አሉ። «ያን ቀን ጮክ ብለሽ ነበር የተናገርሽው። ሳልናደድብሽ የቀረሁ እንዳይመስልሽ፤ ባልናደድማ አንዲት መልእክት ለመላክ ሠላሳ ስምንት ዓመት ይፈጅብኝ ነበር? በይ ነይ።»

እጃቸውን ይዘው ወደ ዳሱ አስገቧቸው። «ያ እንጨት ፈላጩ አምባቸው ነው፤ እናቱ በተስቦ የሞተች ጊዜ ገና አልተራመደም። ያቻት ሙሉዬ፤ እሷን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው ያገኘኋት። ያች የሺእመቤት ናት፤ እነዚያ ሦስቱ ልጆቿ ናቸው። ሌሎች ሁለት አሉ፣ ውሃ ሄደዋል። ንግስት ውስጥ ሽሩባ እየተሠራች ነው። እታለም፣ አንዲት ወልጄ እሷን ቀብሬያለሁ፤ አልቅሼም አልጠገብኩ። እቅፌ ግን አንድ ቀን ባዶ ውሎ አያውቅም። እንዲያውም ወገቤ የተቆረጠው በዚህ ነው።»

እመት ባንቺዓለም እዚያው ቄጠማው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ይርጋነሽም አጠገባቸው ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ ይርጋነሽ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ «ለሠርግ ያስቀመጥነውን ቄጠማ አረጠብሽው» አሉ፣ ሁለቱም እንደ ልጅነታቸው ሳቁ።

እሑድ ጠዋት ዳሱ ሞላ። ሙሽራው፣ ገላው የሚባለው፣ የጤና ጣቢያው መርፌ ወጊ ድሬሰር ነበር፤ ከሚዜዎቹ ጋር እየተጨፈረለት ገብቶ፣ ከንግስት ጎን ሆኖ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ። ተራው የእመት ባንቺዓለም ሆነ። ንግስት ከጉልበታቸው ሥር ተንበረከከች። ዝናቸው ሞጣም ሳይደርስ አልቀረም፤ ዳሱ ጸጥ አለ። የገላው እናት መስቀላቸውን ጨብጠዋል።

እመት ባንቺዓለም አፋቸውን ከፈቱ። የአሮን ምርቃት የለም። ጠፍቷል። ለጓዴ ያልጠፋው፣ ለበቅሎዋ ያልጠፋው፣ አሁን አንዲት ፊደል አልቀረችም። በጭንቅላታቸው የሚመላለሰው የሠላሳ ስምንት ዓመት እርግማን ብቻ ነው። ምን ላድርግ ብለው እጃቸውን የንግስት ግንባር ላይ ጫኑ። ግንባሯ ይሞቃል። የእህታቸው ግንባር ነው፤ ያው ሰፊ፣ ያው ወጣ ያለ።

«አንቺ ልጅ» አሉ። ከዚያ የሚያውቁትን ሥራ ጀመሩ። እርግማን ሲያወጡ እንደኖሩት፣ ለልጅቷ በልኳ እየሰፉ፣ አቅጣጫውን ብቻ አዙረውት።

«እቅፍሽ ከልጅ ወደ ልጅ ይዙር፤ አንዱን ስታወርጂ ሌላው ይውጣበት!»

«አሜን» አለ አንድ ሁለት ሰው፣ በጥንቃቄ።

«ጎተራሽ ውስጥ አይጥ ገብታ መውጫው ይጥፋት፣ ከእህሉ ብዛት የተነሣ!»

«አሜን!» አንድ ሰው ሳቀ።

«ባልሽ ሲቆጣ ድምፁ ይዘጋ፤ ሲያመሰግንሽ ጎረቤት ይስማው!»

«አሜን!» አሉ ሴቶቹ ባንድነት፣ ገላውም ጭምር።

«መርፌውን ሲወጋ እጁ አይንቀጥቀጥ፤ የነካው በሽተኛ በእግሩ ሄዶ ያመስግነው! የሚጠላችሁ ሰው ቢኖር ቤታችሁ ገብቶ፣ ጠግቦ፣ ተሸንፎ ይውጣ! ጥርሳችሁ እስክታረጁ ቆሎ ይቁረጥ! አንዳችሁ ስትታመሙ አንዳችሁ አትታመሙ፤ አስታማሚ አትጡ! የሞቱት ሁሉ፣ እናትሽም ጭምር፣ በሰማይ ሆነው ዛሬን ይዩ! የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ፤ ግን እንደ ሣራ ዘጠና ዓመት አያስጠብቅሽ፣ ቶሎ ይሁንልሽ!»

አሜኑ ዳሱን አነቃነቀው። የገላው እናት መስቀላቸውን ለቀው እልል አሉ፤ ከዚያ ዳሱ በሙሉ እልል አለ። እመት ባንቺዓለም ግን እጃቸውን ገና አላነሱም። የተጨነቁበት አፍ እንደ ክረምት ምንጭ ይፈላባቸዋል፣ ሊያቆሙትም አልቻሉም፤ ይርጋነሽ ከኋላ ነጠላቸውን ጎትተው፣ «እታለም፣ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው» እስኪሏቸው ድረስ።

ሙሽሮቹ ከተሸኙ በኋላ ሰዉ መርቁኝ እያለ ተሰለፈ። የአብዱሰመድ ሚስት ዘይዳ አራስ ልጇን ይዛ መጣች፤ አንድ ሸማኔ ታማ ከቤት ስለማትወጣ ሚስቱ ጠየቀ፤ ፖስታ ቤት የሚሠራ፣ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ ወጣት ዝውውር እንዲያገኝ ፈልጎ ነበር። እመት ባንቺዓለም ለእያንዳንዱ ጠጋ ብለው፣ ሕይወቱን ጠይቀው፣ ለእሱ የሚሆነውን አበጅተው ሰጡ። የዝውውሩን ጉዳይ ግን፣ «ሞጣን ያስለምድህ» ብለው ስለ መረቁት ወጣቱ ብዙም አልተደሰተም።

ዳሱ ሲቀልል፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሁለቱ እህትማማቾች ብቻቸውን ተቀመጡ። እመት ባንቺዓለም እግራቸውን ዘርግተዋል፤ ድምፃቸው ጎርናና ሆኗል።

«ይርጋ» አሉ፣ «እኔንስ?»

«አንቺን ምን?»

«እኔን ማንም መርቆኝ አያውቅም። እማ ሳትመርቀኝ ነው ያረፈችው፤ በመጨረሻ ምላሷ ታስሮ ነበር። ሰዉ ደግሞ እኔን ይፈራኛል እንጂ ማን ይመርቀኛል?»

ይርጋነሽ ዓይናቸውን አበሱ። «ታናሽ ታላቁን ይመርቃል እንዴ?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ይሆናል እንበል።»

ይርጋነሽ ዞር ዞር ብለው ሰው አለመኖሩን አዩ፤ ያፍሩ ነበር። ከዚያ ወፍራም፣ በሥራ የሻከረ እጃቸውን እህታቸው ሻሽ ላይ ጫኑ። ብዙ አሰቡ። «እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ እንዳንቺ አልችልበትም። ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ብቻሽን አያስበላሽ። ደግሞ... ደግሞ ፋሲካን እኔ ቤት ያውልሽ።»

«ፋሲካ? ሁለት ወር አለፍ ይላል እኮ! አዝመራዬስ?»

«ምርቃት ነው» አሉ ይርጋነሽ። «አይመለስም።»

እመት ባንቺዓለም የእህታቸውን እጅ ከሻሻቸው ላይ ሳያነሱት ጥቂት አሰቡ። ከዚያም በጎረነነ ድምፃቸው «አሜን» አሉ፣ ጫማቸውንም አውልቀው እግራቸውን ቄጠማው ላይ አሳረፉ።